ዛንዚባር፦ ባሕሩ ያመጣው ኒዕማ፣ ታሪክ የጣለብን አደራ



ውድ አንባብያን፣ ኢስላም በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ እንዴት ሥር እንደሰደደ ለማወቅ የሚሻ ሰው ኪታብ ከማገላበጡ ጎን ለጎን ቢያየው የሚጠቀምበት አንድ ከተማ አለ። እርሱም የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ነው። የአገሩ ሰዎች «ምጂ ምኮንግዌ» ይሉታል፤ ሌላው ዓለም ደግሞ «ስቶን ታውን»፣ ማለትም የድንጋይ ከተማ፣ እያለ ይጠራዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ወጣቶቻችን ዛንዚባርን የሚያውቋት በነጭ አሸዋዋና በሙሽሮች ሽርሽር ነው። እኛ ግን በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሁለት መምህራን ሆነን ስንሄድ ሌላ ነገር አይተን ተመልሰናልና ልናካፍላችሁ ወደድን።

ነፋስ የሠራው ከተማ

ዛንዚባርን የሠራት ከሁሉ በፊት በአላህ ፈቃድ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ከታኅሣሥ ገደማ እስከ መጋቢት ድረስ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው «ካስካዚ» ባለሸራ ጀልባዎችን ከዐረብያና ከሕንድ ያመጣል። ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ ደግሞ ከደቡብ የሚነሣው «ኩሲ» መልሶ ይወስዳቸዋል። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ለወራት መቀመጥ ነበረበት። ሲቀመጥ ይነግዳል፣ ይሰግዳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ጎረቤቱም አማናውንና አኽላቁን ያያል። በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ በኪዚምካዚ የሚገኘው መስጂድ 500 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1107) የሚል ጽሑፍ በድንጋይ ተቀርጾ ይገኝበታል። ዲኑ በዚያ አገር የትናንት እንግዳ አለመሆኑን ለመረዳት ይህ ብቻ ይበቃል።

የአሮጌው ከተማ ቤቶች ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። መንገዶቹ ጠባብ ከመሆናቸው የተነሣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ትከሻው ግድግዳ ይነካል። እጅግ የሚያስደንቁት ግን በሮቹ ናቸው። ከወፍራም እንጨት የተጠረቡ፣ በአበባና በሐረግ የተፈለፈሉ፣ አንዳንዶቹም ከላያቸው የቁርኣን አንቀጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ከቤቱ ፊት ለፊት «ባራዛ» የሚባል የድንጋይ መደብ ተያይዞ ተሠርቷል። ሽማግሌዎች ከዐስር ሶላት በኋላ እዚያ ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ልጆች በአጠገባቸው ሲያልፉ «ሺካሙ» ብለው በአክብሮት ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ሽማግሌውም «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። ታላቁን ሰላም ሳይል የሚያልፍ ልጅ አላየንም።

ሙዓሊምና ምዋሊሙ

እኛ ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በመድረሳ ምንጣፍ ላይ ያደግን ነን። ስለዚህ የስዋሂሊ ቋንቋ ብዙም እንግዳ አልሆነብንም። መጽሐፍ «ኪታቡ»፣ ዓለም «ዱንያ»፣ ቅርንፉድ «ካራፉ» ይባላል። መምህር መሆናችንን ሲሰሙ ሁሉም «ምዋሊሙ» እያሉ ይጠሩን ጀመር። ይህም ደረሶች በአገራችን «ሙዓሊም» የሚሉት ቃል ራሱ ነው። ሰዓት አቆጣጠራቸውም እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ይጀምራል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት በስዋሂሊም አንድ ሰዓት ነው። ሰዓታችንን አንድ ደቂቃ እንኳ ማስተካከል አላስፈለገንም።

የዝምታው ግቢ

ይሁን እንጂ በዚህች ውብ ከተማ ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የገባንበት አንድ ግቢ አለ። ይኸውም የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ነው። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲዘጋ በቦታው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መሠራት ተጀመረ። ዛሬ በግቢው ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የሰው ምስሎች ቆመዋል። የኦማኑ ገዥ ሰይድ ሰዒድ መንበሩን ከመስከት ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ የቅርንፉድ እርሻ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ያንን እርሻ ያለሙት ከዋናው ምድር፣ እስከ ኒያሳ ሐይቅ አካባቢ ካለው አገር ድረስ፣ እየታፈኑ የመጡ ሰዎች ናቸው። እነዚያን ያማሩ በሮች ያሠራው ሀብት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪያችን የጠየቀን ጥያቄ ትዝ አለን። «ኡስታዝ፣ ሙስሊሞችም ባሪያ ይሸጡ ነበር እንዴ?» ነበር ያለው። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛው «ውሸት ነው፣ ጠላት ያወራው ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው ጥፋቱን ሁሉ በዲኑ ላይ መለጠፍ ነው። ሁለቱም እውነት አይደሉም።

እውነቱ ይህ ነው። ሻጩም ገዢውም ብዙ ነበር፤ ፈረንሳውያንም ለደሴት እርሻዎቻቸው ከዚያ ዳርቻ ገዝተዋል። ነገር ግን ሙስሊም ነጋዴዎችም ነበሩበት። በስሙ የታወቀው ቲፑ ቲፕ (ሐመድ ቢን ሙሐመድ) የኖረበት ቤት ዛሬም በከተማው ውስጥ አለ። ኢስላም በበኩሉ ባሪያን ነፃ ማውጣትን ታላቅ ዒባዳ አደረገ፤ ለኃጢአት ማካካሻ አደረገው፤ ከዘካም ድርሻ መደበለት። ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በቂያማ ቀን ተሟጋቹ አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ እንደሚሆን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ታዲያ ከመንደራቸው ታፍነው የተወሰዱት እነማን ነበሩ? ነፃ ሰዎች አልነበሩምን? ስለዚህ ሕጉን ሰው ጣሰው እንጂ ሕጉ ሰውን አላዘዘውም።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ከአገራችንም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነጋዴ ወገኑን ወደ ባሕር ነድቷል። በዛንዚባር ባለጸጎች ቤትም ሐበሾች ሴቶች ነበሩ። የሰይድ ሰዒድ ልጅ ሰይዳ ሳልማ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ስለ እነርሱ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1873 በእንግሊዞች ግፊት የባሪያ ገበያውን የዘጋው ሱልጣን በርገሽም እናቱ ሐበሻ ነበረች። ባርነት በሕግ የተሻረው ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1942።

ለልጆቻችን ምን እንበል?

ውድ ወላጆችና መምህራን! ልጅ እውነቱን ከእኛ ካልሰማ ከሌላ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይጠራጠራል። ስለዚህ የኪዚምካዚን መስጂድም፣ የሰንሰለቱን ጉድጓድም አንድ ላይ እናስተምረው። የቢላል (ረ.ዐ.) ወገን መሆናችንን በኩራት የምንናገር ሰዎች ቢላልን ነፃ ያወጣውን ሥራ መሥራት ደግሞ ይጠበቅብናል።

ይህ ሥራ ዛሬም አላለቀም። በቤታችን የምታገለግለዋን ልጅ እንመልከት። ደመወዟ በወቅቱ ይከፈላታል? ከምንበላው ትበላለች? ሶላቷን ለመስገድ፣ ትምህርቷን ለመቀጠል ጊዜ አላት? ደላላ አታልሎ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ወደ የመን የሚያሻግራቸው ወጣቶችስ የማን ልጆች ናቸው? ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ የሰው ዋጋም አሁንም ይቆረጥበታል።

አንድ የዛንዚባር ሸይኽ ባራዛው ላይ አስቀምጠውን በዐረብኛ ሲያጫውቱን፣ ከተማቸው ለምን ታዋቂ እንደሆነች ጠየቅናቸው። እርሳቸውም እንግዳ ስለሚከበርባት ነው አሉን። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሁሉም እንግዳ ግን በፈቃዱ አልመጣም» አሉ። ይህን ያህል ቅን የሆነ የታሪክ ትምህርት በየትኛውም ክፍል አልሰማንም።

አላህ (ሱ.ወ.) እውነትን የምንናገርበት ድፍረት፣ የደካማን ሐቅ የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን። አሚን።