ሁለት ካርድ ስለሚሸከም ሰሌዳ

ለጨዋታ ኮምፒዩተር ሁለት የግራፊክስ ካርድ የሚሸከም ማዘርቦርድ የሚሻ ወጣት፣ ረጃጅሞቹን መሰኪያዎች ቈጥሮ ብቻ ገንዘቡን ሊከፍል አይገባውም። በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ሁለተኛው መሰኪያ በቁመቱ ከፊተኛው ጋራ እኩል ሆኖ ሳለ፣ የሚደርሰው የመረጃ መስመር አራት ብቻ ነው። ከፕሮሰሰሩ የሚወጡት 16 መስመሮች ለሁለቱ ስምንት ስምንት ሆነው መከፈላቸውን ከሰሌዳው መግለጫ መመልከት ያሻል።

የእኅቴ ልጅ ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ይዞ ምክር በጠየቀኝ ጊዜ ግን ከዚህ የሚከብደውን ነገርሁት። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን፣ ኤስኤልአይ የተባለውን የማጣመሪያ ዘዴ ለአዳዲስ ጨዋታዎች ማሰናዳቱን በ2021 ትቶታል፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090ማ ማጣመሪያው የሚሰካበት ስፍራ እንኳ የለውም። እንግዲህ በአብዛኞቹ አዳዲስ ጨዋታዎች ሁለተኛው ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ጎን ለጎን ሲታዩ ያምራሉ፤ ይህን አልክድም። ሆኖም የሁለቱን ዋጋ በአንድ ብርቱ ካርድ ላይ እንዲያውል፣ ሰሌዳውንም መካከለኛ እንዲያደርግ መከርሁት። ሥራው ከባድ ስሌት ማስላት ቢሆን ኖሮ፣ ስምንት ስምንቱን መስመር አጥብቄ እፈልግለት ነበር።