ሰፊው ጎማ

ልጄ ለቪትዛችን አራት ሰፋፊ ጎማ አስገጥሞ መጣና «እማዬ፣ አሁን መኪና መሰለች!» አለኝ። ለእኔም ዓይን ሞላችልኝ፤ መረቅሁት።

በማግስቱ ለእህቴ ተዝካር ወደ ደብረ ብርሃን ጉዞ ጀመርን። ከኋላ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። ሰንዳፋን አለፍ ብለን ጉድጓድ ስንገባ የሚፋቅ ድምፅ ሰማን፤ ወዲያው የጎማ ሽታ መጣ። ወርደን ስናይ የኋላው ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር ተፋትጎ ጎኑ ተልጧል። መጠባበቂያውን ቀይረን ቀስ እያልን ስንደርስ ለቀስተኛው ተበትኖ ነበር።

ጎሚስታው በኋላ አስረዳን። የድሮው ጎማ 165/70 አር 14 ነው፤ 165 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 70 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ 195/70 ሲገጠም ሰፍቶ ብቻ አይቀርም፤ ቁመቱም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናዋ ወደ 86 ትሄዳለች። የፋብሪካው ቸርኬ ደግሞ ለዚያ ስፋት ይጠባል።

ይህን ስሰማ የነርስነት ዘመኔ ትዝ አለኝ። ለቀጭን ክንድ ሰፊ የግፊት መለኪያ ጨርቅ ከታሰረ ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ታማሚው ደህና ነህ ተብሎ ይሸኛል። እኔ ተማሪዎችን ስቆጣበት የኖርኩት ስሕተት በገዛ መኪናዬ ገባ።

ልጄ ጎማዎቹን በኪሳራ ሸጦ የድሮውን ልክ መለሰ። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት የሾፌሩን በር ከፍታችሁ እዚያ የተለጠፈውን ልክ አንብቡ። እኔ የእህቴን ተዝካር ያጣሁት ያንን ባለማንበባችን ነው።