ባሕር በሌለበት ከተማ

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል። ውሃ በጄሪካን፣ በአህያ ጀርባ የሚገባበት ሰፈር ነው። ጠዋት ቡና ላይ የሚነሣው የዝናብ ነገር፣ የከብት ዋጋ፣ የጫት ዋጋ ነው። ባሕር የሚያነሣ ሰው የለም። በሐምሌ 2017 መጨረሻ ግን ስልክ የያዘ ሁሉ ባሕር አወራ። በየመን፣ አብያን ጠረፍ ላይ፣ ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያን የጫነ ጀልባ ተገልብጦ ከ60 በላይ አስከሬን ወጣ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ መጥፎ አየር።

ቡና አፍይዋ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አነሣችና፣ «እና ሰዉን የጫነው ነፋሱ ነው?» አለች።

*

በአሜሪካ ሉዊዚያና ጠረፍም ሚያዝያ 5 ቀን 2013 በመጥፎ አየር የተገለበጠች መርከብ ነበረች፤ ስሟ ሲኮር ፓወር። ሥራዋ የባሕር ላይ ነዳጅ ሠራተኞችን ማገልገል ነበር። ሦስት ረጃጅም የብረት እግሮች ነበሯት፤ ሥራ ቦታ ስትደርስ ወደ ባሕሩ ወለል ታወርዳቸውና በላያቸው ትቆም ነበር። ስትጓዝ ግን እግሮቹ ወደ ሰማይ ተመዝዘው ነበር። ያን ቀን ማዕበል ሲመታት መሪውን የያዘው ሰው ወደ ነፋሱ ሊያዞራት፣ እግሮቿንም ሊያወርድ ሞከረ። አልደረሰም። ከ19 ሰዎች 6 ተረፉ።

ይህን ለአንድ የግመል ነጋዴ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ግመል ብትሆን ቀድማ ትንበረከክ ነበር» አለኝ።

*

ከዚያች መርከብ ታሪክ እኔን የያዘኝ ምርመራው ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የነፋሱን ጉልበት ለካ፤ በዚያ ብቻ ግን አልቆመም። የማስጠንቀቂያው መልእክት ለምን እንዳልደረሳቸው ጠየቀ፤ መልእክቱን የሚያሠራጨው የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ጣቢያ በዚያ ሰዓት ከሥራ ውጭ እንደነበረ ደረሰበት። የጣቢያውን ዝምታ ሳይቀር መዘገበ ማለት ነው። ስለ አብያኑ ጀልባ ግን ስንት ሰው ተሳፈረ የሚለው ራሱ በ«ያህል» ነው የሚነገረው።

*

እዚህ የሚያልፉት ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው የሚሄዱት። ከሞያሌ ናይሮቢ አስፋልት ስለሆነ ውሃ የሚያስፈራው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ የሚሄደውን መንገደኛ ብቻ ይመስላቸዋል። በሰኔ 2004 ግን ማላዊ ሐይቅ ላይ ከአቅሟ በላይ የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሰጥመዋል። በዚያው ወር ታንዛኒያ፣ ዶዶማ አካባቢ፣ ከ40 የማያንሱ በጭነት መኪና ታፍነው ሞቱ። በመጋቢት 2012 ደግሞ ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ፣ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኙ። ኮንቴይነር ውስጥ ማዕበል የለም።

*

ከሚያልፉት ልጆች አንዱን አየሁት። ዕድሜው ሃያ አይሞላም፤ ከሆሳዕና በኩል ነው። ቀበቶውን ፈትቶ ገለበጠልኝ፤ በውስጥ በኩል በእስክሪብቶ የተጻፈ የስልክ ቁጥር። የእናቱ ነው። ከዘጠኙ አሃዝ ሁለቱ በላብ ደብዝዘዋል። «ሰባት ነው ወይስ አንድ?» ብዬ ስጠይቀው እሱም ተጠራጠረ። ስልኩን ደላላው ወስዶበታል።

*

በጥቅምት 2015 ማላዊ፣ ምዚምባ ደን ውስጥ፣ የጅምላ መቃብር ተገኝቶ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ስማቸው ግን ከሬሳው ጋር አልወጣም።

እናንተ እዚህ ሞያሌ ላይ አልጋ የምታከራዩ፣ ሻይ የምትሸጡ፦ ደላላው መመዝገብ እንደማይወድ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የሚያልፈውን ልጅ ስም፣ ቀኑን፣ የእናቱን ስልክ ጻፉለት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነብቡት።