ከመካነ ሰላም እስከ ጂዳ፦ መንገደኛ ሲታመም ማን ይሸከመዋል?

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው። መኪናው ከተማውን ለቆ ወደ ጉጉፍቱ ሽቅብ ሲወጣ ጋቢ ያልያዘ መንገደኛ ይጸጸታል። የለጋምቦ ደጋ የገብስና የበግ አገር ነው። አቀስታን አልፈን ወደ ምዕራብ በገፋን መጠን ሜዳው በገደል እየተቆራረጠ ሄዶ ቦረና ወረዳ ያደርሰናል። መካነ ሰላም የወረዳው ከተማ ነው፤ ስሙም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የአባይ በረሃ፣ ከአባይ ማዶ ደግሞ ጎጃም ነው።

እኛ ወደዚያ የሄድነው ለመምህር ባልደረባችን ኒካሕ ነበር። ይሁንና ከሰርጉ ድግስ ይልቅ በልባችን የቀረው ስለ ሕመምና ስለ መንገደኛ የሰማነው ጨዋታ ነው። ምክንያቱም በቦረና፣ በከላላ፣ በወግዲ፣ በሳይንትና በለጋምቦ ልጁ ወይም ወንድሙ ከባሕር ማዶ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የሚደወለው ስልክ ከጂዳ፣ ከሪያድ ወይም ከጂዛን ነው።

በዚህ አገር ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስለት ቅሬው ነው። ቅሬ ቀብር ለማስፈጸም ብቻ የቆመ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ በሽተኛው በቃሬዛ ይጫናል፤ ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ ገደሉን ወጥተው ሐኪም ቤት ያደርሱታል። ተሸካሚው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አይጠየቅም፤ ወሎ ነውና። ከሚሸከሙት መካከል ለመድኃኒት የሚያዋጣም አይጠፋም።

መንግሥትም በበኩሉ ይህንኑ የመረዳዳት ሐሳብ በመዝገብና በመታወቂያ አደራጅቶታል። ማኅበረሰብ ዐቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከደቡብ ወሎ ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ የታመመው አባል ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት እስከ ሆስፒታል ይታከማል። በእርግጥ መታወቂያ ብቻውን አያድንም፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈ ጊዜ የአካባቢው ሰው ይህን በሚገባ አይቶታል። ቢሆንም ከብት ሸጦ ከመታከም ብዙ አባወራ አውጥቷል።

በሰርጉ ማግስት ያረፍንበት ቤት እናት አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። በጂዳ የሚሠራው ልጃቸው ዑምራ አድርገው እሱ ዘንድ ጥቂት እንዲሰነብቱ ጠርቷቸዋል። እሳቸው ደግሞ የስኳር ሕመም አለባቸው። ሴት ልጃቸው «እማዬ፣ ይቅርብሽ» ትላለች። እናት ግን ልባቸው ካዕባ ዘንድ ነው።

«ልጆቼ፣ እዚህ ብታመም ቅሬው ይሸከመኛል፤ መታወቂያዬም አለ። እዚያ ብወድቅ ማን ይሸከመኛል?» አሉን።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የአገር ቤቱ የጤና መድን ከአገር ውጭ አይሠራም። ውል የተገባው እዚሁ ካሉ ጤና ተቋማት ጋር ነውና በጂዳ ሆስፒታል ደብተሩን ቢያሳዩት ወረቀት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ቪዛው ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ያሻል። በሐጅ ቪዛ የሄደ ሑጃጅ በሚናና በዐረፋት ባሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ ይታከማል። የዑምራ ቪዛ ደግሞ የመድን ክፍያው አብሮ የተካተተበት ሲሆን ለድንገተኛ ሕመምና አደጋ እስከ 100,000 ሪያል ይሸፍናል። እዚህ ላይ «ለድንገተኛ» የሚለው ቃል ይጤን። ነባር በሽታን ለመከታተል ወይም የወራት መድኃኒት ለመግዛት ታስቦ የተገባ አይደለም። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ መድኃኒቱን ከሐኪም ማዘዣ ጋር ከአገሩ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣው ከባዱ ነው፤ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ መገኘት። በ1445 ዓመተ ሂጅራ (ሰኔ 2016 ዓ.ም.) በነበረው ሐጅ በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ ጤና ሚኒስትር እንዳስታወቁት የሞቱት 1,301 ሰዎች ሲሆኑ ከመቶው 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው። ብዙዎቹ ለሌላ ጉብኝት በተሰጠ ቪዛ ገብተው፣ ያለ ድንኳንና ያለ መጓጓዣ በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው ሄደዋል። በዚያው ሐጅ ፈቃድ ለሌላቸው ሰዎች 141,000 ያህል የሕክምና አገልግሎት መሰጠቱም ተነግሯል። ሆስፒታሉ በሩን አልዘጋም ማለት ነው። ዳሱ፣ ጥላውና አውቶቡሱ ግን ለተመዘገበው ነበር፤ ያልተመዘገበው ደግሞ እንዳይያዝ እየፈራ ሕመሙን ይደብቃል።

ፍርሃቱን በየመን በኩል ተሻግረው የሄዱ ወጣቶችም ያውቁታል። ከጂዛን የተመለሰ የአካባቢው ልጅ፣ ጓደኛው በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ መኖሪያ ፈቃድ ስላልነበራቸው ሦስት ሌሊት ከክፍል እንዳላወጡት አጫውቶናል። የዳነው በአላህ ችሮታ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ ከመካከላቸው ሕመማቸውን ይዘው የመጡ ነበሩ።

ውድ አንባቢያን፣ ሐጅ ግዴታ የሆነው አቅም ላለው ነው። ዑለማእ አቅምን ሲያብራሩ ስንቅና መጓጓዣን ብቻ ሳይሆን የአካል ጤንነትንና የመንገድን ደህንነትም ይቆጥራሉ። እንግዲህ ለመንገደኛ ሕክምናውን አስቀድሞ ማሰናዳት ስንቅ ከመቋጠር የሚለይ አይደለም።

ስለዚህ ወላጁን የሚልክ ቤተሰብ የሚከተሉትን ያሟላ። የማጅራት ገትር ክትባት ከመድረሱ 10 ቀን አስቀድሞ ይወሰድ፤ በ1407 ዓመተ ሂጅራ (1979 ዓ.ም.) ይኸው በሽታ በሑጃጆች መካከል ተነሥቶ ወደየአገሩ ተሠራጭቷል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀትም ይጠየቃል፤ አንዴ ከተከተበ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የመድን ወረቀቱ ቁጥር በመንገደኛው እጅም በልጁ ስልክም ይኑር። የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ሐኪም ይጻፍለት። በሳዑዲ አምቡላንስ የሚጠራው በ997፣ የጤና ሚኒስቴር ምክር የሚገኘው በ937 ነው። ይህን ቁጥር ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጆች በጉልህ ጽፈው አንገታቸው ላይ በሚንጠለጠለው ቦርሳ ያኑሩላቸው።

እናታችን ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ልጃቸውን «በይ እንግዲህ ሰኞ ሆስፒታል ውሰጂኝ» አሏት። ሐኪሙ «ይሂዱ» ካለ ሊሄዱ፣ «ይቆዩ» ካለም ሊቆዩ ተስማሙ። እኛም እናትና ልጅ በአንድ ቃል ማደራቸው ደስ አሰኘን።

ቅሬ የሠራው ሥራ ታላቅ ነው፤ ትከሻው ግን ቀይ ባሕርን አይሻገርም። ከባሕሩ ማዶ በቃሬዛው ፈንታ የሚሸከመው በጊዜ የተያዘ ሕጋዊ ወረቀት፣ በቦርሳ ያለ መድኃኒትና ስልኩን የሚያነሳ ልጅ ነው። ሰበቡን አድርሰን ውጤቱን ለአላህ እንተው። አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስ፣ በሰላም ይመልስ፤ ሕሙማንንም ያሽር። አሚን።