ስልኩ በማን እጅ ነው?

«ያምጡት እማማ፣ እኔ ላድርግልዎ።» በቴሌብር ብር ለመላክ የሚሞክሩ እናት አጠገብ ይህ ቃል አይዘገይም። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ጣቶቹን ያሯሩጣል፤ ብሩ ይሄዳል። እሳቸው ግን የት የት እንደነካ አላዩም፤ በሚቀጥለው ወር ያው ልጅ ይፈለጋል። አዛውንት አይለምዱም እያልን ስልኩን ከእጃቸው የምንወስደው እኛው ነን።

* * *

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ኢንተርኔት ለሌለው ስልክም *127# ነበረው። ለብዙ አዛውንት ባለ ቁልፉ ስልክ የተሻለ መጀመሪያ ይመስለኛል፤ ቁልፉ ሲጫኑት ይሰማል፣ ምርጫውም በተራ ቁጥር ነው። ችግሩ አለመጠበቁ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው መሐል ላይ ጊዜው ያልቅበትና እንደገና ከሀ ይጀምራል።

* * *

ተች ስክሪን የሚሠራው ጣት ሲነካው በስክሪኑ ረቂቅ ኤሌክትሪክ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ለይቶ ነው። ሲያርስ፣ ሲወቅጥ፣ ሲያጥብ የኖረ ጣት ደርቋል፣ ወፍሯል፤ ስክሪኑ አንዳንዴ አያውቀውም። ባለቤቱ ጠንከር አድርጎ ይጫናል፤ ጫን ብሎ ሲቆይ ደግሞ ያላሰበው ነገር ይከፈታል። «አበላሸሁት እንዴ?» የሚለው ፍርሃት እዚህ ይጀምራል። 

* * *

«ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም እንዳይናገሩ» እንላቸዋለን። ቁጥሩን የመረጥነው እኛ፣ ደብተራቸው ጀርባ ላይ የጻፍነው እኛ፣ ሲረሱት የምናስታውሳቸው እኛ። ከዚያ አንድ ትሁት ድምፅ ይደውላል፦ «ከባንክ ነው እናቴ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።» ያነቡለታል። ለትሁት ወጣት ቁጥር መንገርን ያስለመድናቸው እኛ አይደለንም?

ብር ከመላክ በፊት ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋትን ቢማሩ እመርጣለሁ። ከባድ ትምህርት ነው። እያናገረ ያለን ሰው አቋርጦ መሄድ ነውር ነው ተብለው ያደጉ ናቸው። ስለዚህ አብሮ መለማመድ ይበጃል፦ ልጅ ከጓዳ ይደውል፣ ቁጥር ይጠይቅ፣ እሳቸው ይዝጉበት። ደግመው ደጋግመው ይዝጉበት።

* * *

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ፊደል የቆጠሩ ሴቶች ዛሬ ሰባ ገደማ ናቸው። አማርኛ ያነባሉ። ስልካቸው ግን ከሱቅ እንደወጣ በእንግሊዝኛ ተቀምጧል። ሴቲንግ ገብቶ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየርና ጽሑፉን ማጉላት ደቂቃዎች ይፈጃል። ይህን ሳናደርግ «አይገባቸውም» ማለት ግፍ ነው።

* * *

ልጃቸው ዓረብ አገር ያለች እናት ኢሞ የሚባለውን የጥሪ መተግበሪያ ለመልመድ ብዙ አይቸገሩም። የልጃቸውን ፎቶ ለይተው ይነካሉ፣ ይደውላሉ፣ አለቀ። ማስተማር ከዚህ ቢጀምር፣ ብር መላኩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የድምፅ መልእክት አለ። እንደ ደብዳቤ ነው የሚጀምሩት፤ «ለጤናሽ እንዴት ነሽ፣ እኛ ደኅና ነን፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ይልሻል…»። ሰላምታው ገና ሳያልቅ ጣታቸው ይዝላል፤ ሲለቁት መልእክቱ ተቆርጦ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ ማይኩን ይዘው ጣትን ወደ ላይ ሳብ ቢያደርጉት ይቆለፋል፤ ከዚያ እጃቸውን አሳርፈው የፈለጉትን ያህል ያወራሉ።