ቮልሷ የተቃጠለች ዕለት

ብዙዎቻችሁ በዚህ ገጽ ላይ ስለ አገር ናፍቆትና ስለ ልጅ አስተዳደግ የጻፋችሁትን ሳነብ ኖሬአለሁ። ዛሬ እኔ ደግሞ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ላጫውታችሁ ነው። የመኪና ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ፤ ልጅ ያላችሁ በተለይ አንብቡት።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቮልስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ሞተሯ ከኋላ፣ ሰልባትዮዋ ከፊት፣ ራዲያተር የሌላት፣ በአየር የምትቀዘቅዝ መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ግን ዛሬም ታገኟታላችሁ። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ አንዲት ግራጫ ቮልስ ነበረችው። ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ከኋላ ዞሮ ኮፈኑን ይከፍትና ጎንበስ ብሎ ያሸት ነበር። እኛ ልጆቹ በዚህ ነገሩ እንስቅበት ነበር።

እዚህ ሴንት ፖል ውስጥ የ1963 ሞዴል ቮልስ ተበላሽታ ቆማ አገኘሁና በርካሽ ገዛኋት። የሚኒሶታ ክረምት ጨው ወለሏን በልቶት ነበር። ከልጄ ጋር በሁለት ዓመት ቅዳሜና እሑድ ላሜራዋን አስበየድን፣ ፍሬኗን ሠራን፣ ሞተሯን ፈታትተን ገጠምን። ሐሳባችን በሰኔ ወር በስቴት ፌር ግቢ ወደሚደረገው የአሮጌ መኪናዎች ትርኢት፣ ወደ ባክ ቱ ዘ ፊፍቲስ፣ ልንወስዳት ነበር። እዚያ የሚገቡት እስከ 1964 ሞዴል ድረስ የሆኑ መኪናዎች ናቸውና የእኛዋ ለጥቂት አለፈች እያልን እንስቅ ነበር።

አንድ ችግር ግን ነበረብን። እኔ የመኪና ዕቃ የማውቀው በአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ ነው፤ ኮፈን፣ ሰልባትዮ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፖሎ እያልኩ። አብዛኛው ከጣሊያን የተረፈ ነው። ልጄ ደግሞ የሚያውቀው እዚህ በመጽሐፍ ያነበበውን የእንግሊዝኛውን ስም ነው። አንዱን ዕቃ ለመቀባበል በእጅ መጠቆም ነበረብን።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ከጋራዡ በር ላይ፣ ኋላዋን ወደ ጓሮ መንገዱ አዙረን አስነሣናት። ልጄ መሪው ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ከኋላ ሞተሩን እየሰማሁ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ልጄ ሁለት ጊዜ፣ «አባዬ፣ ቤንዚን ይሸተኛል» ብሎኝ ነበር። «አሮጌ መኪና ሁልጊዜ ይሸታል» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ያን ዕለት ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ እንደሠራ ከካርቡራተሩ በታች ቡፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ነበልባሉም ፊቴ ላይ መጣ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የማፍረው። የጮኽኩት «ውጣ!» ብዬ አልነበረም። «ፖሎውን ንቀል! ፖሎውን!» እያልኩ ነበር የጮኽኩት። ቮልስ ባትሪዋ የት እንዳለ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከሚነደው ሞተር ጋር የሚለየው አንድ ላሜራ ብቻ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄን ወደ እሳቱ ተጠግቶ ወንበር እንዲያነሣ ነበር የማዘው፤ ለመኪናዋ ብዬ።

ልጄ ፖሎ ምን እንደሆነ አላወቀም። ቁልፉን አጠፋና በሩን ከፍቶ ወጥቶ፣ «ምን አልክ?» አለኝ። ያ አለመግባባታችን ነው ያዳነው። ቁልፉን ማጥፋቱም ትክክል ነበር፤ የቤንዚኑ ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ መዞር ስለሆነ፣ ሞተሩ እስካልቆመ ድረስ እሳቱ ላይ ቤንዚን ያፈስ ነበርና።

እኔ ግን አሁንም አልተማርኩም፤ የውሃ ጎማ ልጎትት ሮጥኩ። ከማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን እየጮኹ ደረሱና ከለከሉኝ። ቤንዚን በውሃ ላይ ይንሳፈፍና እሳቱን ያሰፋዋል። ከዚያም በላይ የቮልስ ሞተር ገላው የማግኒዚየም ድብልቅ ነው፤ እሱ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሰውዬው ልጄን 911 እንዲደውል አዘዙት፤ እሳት ማጥፊያቸውን ይዘው ኮፈኑን በትንሹ ብቻ ገለጥ አድርገው ዱቄቱን ነፉበት። ወለል አድርጎ መክፈት አየር ማስገባት ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ ጢሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው እውነት ነው።

በኋላ ስናየው ጥፋቱ ትንሽ ነገር ነበር። በካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበት አጭር የናስ ቱቦ አለ፤ በግፊት ብቻ የገባ ነው። በዕድሜ ብዛት ይላላል። የእኛው ከነጎማው ወልቆ ቤንዚኑ ብልጭታ ባለበት በዲስትሪቡተሩ ላይ ፈሰሰ። ገመዶቹ፣ ጎማዎቹና የኮፈኑ ቀለም ተቃጠሉ፤ የሞተሩ ገላ ግን ተረፈ።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ፣ የሚከተለውን ልብ በሉ። የቤንዚን ጎማዎቻችሁን ደህና ቢመስሉም በየጥቂት ዓመቱ ለውጡ። በሚኒሶታ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ያህል ኤታኖል ያለበት ስለሆነ የድሮውን ጎማ ይበላዋል፤ ለአሮጌ መኪና የሚሆን ያልተቀላቀለ ቤንዚን በአንዳንድ ማደያዎች ይገኛል። ያ የናስ ቱቦ በእጅ ሲነኩት ከተነቃነቀ አትንዱ። የባትሪው ፖሎ የወንበሩን ሽቦ እንዳይነካ ክዳን አድርጉበት። ለቤንዚንና ለኤሌክትሪክ እሳት የሚሆን ማጥፊያ መኪናው ውስጥ ሳይሆን በእጅ በሚደረስበት ቦታ ስቀሉ። እሳት ከተነሣ ግን ሞተር አጥፍቶ መራቅና 911 መደወል ይቀድማል። እኛ ሰዎች፣ «ራሳችን እናጠፋዋለን፣ ምን ሰው ያስቸግራል» ማለት እንወዳለን። እኔም ብቻዬን ብሆን ኖሮ አልደውልም ነበር።

በዚያች ሰኔ ወደ ትርኢቱ የሄድነው በእግራችን ነው። የሌሎቹን መኪና ስናይ ልጄ ድንገት፣ «ያን ዕለት ምን እንዳደርግ ነበር የፈለግኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልዋሸው ፈልጌ ነበር። ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አባዬ፣ ባውቅ ኖሮ አደርገው ነበር» አለኝ። ከእሳቱ ይልቅ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው።

አሁን ቮልሷን እንደገና ጀምረናታል። የዕቃዎቹን ስም በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጥፈናል፤ ከሁሉ በላይ በትልቁ የተጻፈው ግን «አጥፋና ውጣ» የሚል ነው። ከማስነሣታችን በፊትም ሁለታችን ከኋላ ዞረን፣ ኮፈኑን ከፍተን፣ ጎንበስ ብለን እናሸታለን። ልጆቻችሁ ይሸተኛል ሲሏችሁ ስሟቸው።