ብሮድካስት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስልካችሁም ውስጥ አለ። ብሮድካስት።

ባለፈው ዓመት እዚህ ቆቦ በወጣቶች ጥናት ላይ «እኛ የወንጌል ብሮድካስተሮች ነን» እያልኩ ሳስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ፈገግ አለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ እኛ ክፍል ብሮድካስት ማለት ዘር በእጅ መበተን ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ልጁ ልክ ነበር። «ብሮድ» ሰፊ፣ «ካስት» መወርወር ማለት ነው። ሬዲዮ ከመፈጠሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ እንግሊዞች ዘርን በሰፊው መበተንን በዚህ ቃል ይጠሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ደግሞ የሬዲዮ ሰዎች ቃሉን ከገበሬው ተዋሱት። ዛሬ ዘይቤያዊው ፍቺ ጥንተ ፍቺውን ሸፍኖታል። ኮሌጅ ገብቼ ለዓመታት በእንግሊዝኛ የተማርኩት እኔ አላውቀውም ነበር። ነገሩን ግን ከቃሉ በፊት አውቀዋለሁ፤ የገበሬ ልጅ ነኝና።

አባቴ ማሽላ ሲዘራ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ዘሩን በጋቢው እቅፍ ይዞ እየዘገነ ይበትናል። ታላቅ ወንድሜ ከኋላ በበሬ እያረሰ አፈር ያለብሰዋል። በሚያዝያ ወይም በግንቦት ዝናብ ከጣለ ጅጉርቲ ወይም ደጋለት ይዘራል። ዝናቡ ከቀረ እስከ ሐምሌ ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ነው። ከእያንዳንዱ ዝግን ጥቂቱ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ጥቂቱ ድንጋይ ላይ፣ ጥቂቱ ከቁጥቋጦ ሥር። የበቀለውን አቀንጭራ ሥሩን ይዞ ይመጠዋል። ያፈራውን ግሪሳ ይወርደዋል፤ እኔም በልጅነቴ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ያለው የዘሪው ምሳሌ ለራያ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ያ ተማሪ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረልኝ። የግብርና ባለሙያዎች ገበሬውን በመስመር ዝራ ይሉታል። ጤፍ በብተና ለሄክታር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲፈጅ፣ በመስመር 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል ይላሉ። «ታዲያ የምሳሌው ዘሪ ለምን ዘር አባከነ?» አለኝ። እኔም «የትኛውንም መሬት ዘር ስላልከለከለ ነው» ብዬ መለስኩለት። ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። አሁንም ስህተት አልለውም፤ ግን ግማሽ ነው።

ግማሽ መሆኑን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ስልኬ ላይ በዋትስአፕ መቶ የሚያህሉ ወጣቶች ያሉበት የብሮድካስት ዝርዝር ነበረኝ። በየጠዋቱ አንድ ጥቅስና ሁለት መስመር ማበረታቻ እልካለሁ። አንድ ጊዜ ስነካው ለመቶ ሰው ይደርሳል። በልቤም እያገለገልኩ ነው እል ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሦስት እሑድ ከጥናት ቀረ። «መንገድ ዳር የወደቀ ዘር» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ መንገድ እንደ ጀመረ ሰማሁ። የዚያን መንገድ ነገር እናንተም ታውቃላችሁ፤ እዚህ አገር ልጅ በበረሃና በባሕር ያልሄደበት ሰፈር የለም።

ከወራት በኋላ ደወለ። «ቲቸር፣ መልእክትህ በየጠዋቱ ይደርሰኝ ነበር። ለብቻዬ የምትጽፍልኝ እየመሰለኝ እመልስልህ ነበር» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ኋላ ፈለግሁ። ብዙ «አሜን» ነበር። በመካከል፣ ከመሄዱ ከአንድ ሳምንት በፊት የተላከ አንድ መስመር አገኘሁ፤ «ቲቸር፣ ላማክርህ የምፈልገው ነገር አለ» ይላል። አላነበብኩትም ነበር። ማታውን ሳላነብበው፣ በማግስቱ ጠዋት ሌላ ጥቅስ ልኬለታለሁ።

ያን ሌሊት የአባቴን እርሻ አስታወስኩ። አባቴ በትኖ አይተኛም ነበር። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በሬ ጠምዶ ይመለስና በቡቃያው መካከል ያርሳል፤ ሽልሻሎ እንለዋለን። የበዛውን ያሳሳል፣ አረሙን ይገለብጣል፣ አፈሩ ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሬው የረገጠውን ቡቃያ አንድ በአንድ ያቃናል። በትኖ የዘራው ሰው አሁን እያንዳንዱን አገዳ በእጁ ይዳስሳል።

የአገራችን የወንጌል ታሪክም ይህን ይመስላል። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ በ1955 ዓ.ም. ስርጭት ጀመረ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። ማሰራጫው ተወሰደ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ተዘጉ። አማኞች ግን በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እርስ በርስ በስም እየተጠራሩ ጸለዩ። ቤተ ክርስቲያን በእነዚያ ዓመታት አልጠፋችም፤ በዛች። ማሰራጫ የሌለው ሕዝብ የቀረው ሽልሻሎ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ብተናውን ተዉ አልላችሁም። እኔም አልተውኩም፤ በየጠዋቱ አሁንም እልካለሁ። ግን ማታ ማታ ተቀምጬ የመጣውን መልስ ሁሉ አነባለሁ፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ስሙን ጠርቼ እደውላለሁ። ያ ወንድማችን አሁንም ሳዑዲ ነው። አንዳንዴ ያገኘኛል፤ ላማክርህ ያለኝን ነገር ግን እስካሁን አልነገረኝም። እኔም እንደገና ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጸልዩልን።

እናንተም ይህን ስታነቡ ለብዙ ሰው የምትልኩ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና ወደ ኋላ ፈልጉ። ከ«አሜኖቹ» መካከል ያልመለሳችሁለት አንድ ሰው ይኖራል። ጥቅስ አትላኩለት፤ ደውሉለት።

ጸጋ ይብዛላችሁ።